ማስተር የተባለ ሁሉ ሁለተኛ ዲግሪ ነውን? ስለ ዲግሪ ዓይነቶችና ስለ አካዳሚክ ስያሜዎች የተደረገ ውይይት

መቅረዝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በልዩ ልዩ አገሮች ለሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት እየተዘጋጀ ነው፤ እኔም የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስለያዝኩ ቀጣዩን ደረጃ እያሰብኩ ነው። ሁለታችንም የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ስናነብ ስያሜዎቹ ከምናውቀው ቅደም ተከተል ጋር አልገጥም አሉን። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ «ማስተር ኦፍ አርትስ» ወደሚለው ፕሮግራም ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የመጣ ተማሪ ይቀበላል፤ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ባችለር ኦፍ ፊሎሶፊ» ለሚለው ትምህርት አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝን ይጠይቃል። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው «ጁሪስ ዶክተር» ስሙ ዶክተር ሆኖ ሳለ በአብዛኛው በክፍል ውስጥ የሚማሩት የሦስት ዓመት ትምህርት ነው።

ስያሜው አንድ ደረጃውም ሌላ ከሆነ፣ አንድ አመልካች የትኛው ዲግሪ የት ላይ እንደሚቀመጥ በምን ሊያውቅ ይችላል? የክሬዲት ቁጥሮቹም እንዲሁ ግራ ያጋባሉ፤ አንዱ ለመጀመሪያ ዲግሪ 120 ይላል፣ ሌላው 180፣ ሌላው 360። የምታውቁ ብታስረዱን ውለታችሁን አልረሳም።

የቀለም ቀንድ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ አመልካቾች ጊዜያቸውን የሚያጡትም እዚሁ ላይ ነው። እኔ በሙያዬ የትምህርት ማስረጃዎችን አመሳክራለሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የዲግሪውን ስም የምናነበው በመጨረሻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አስቀድመን የምናየው ሦስት ነገር ነው፦ ተማሪው ወደ ትምህርቱ ሲገባ ምን ማስረጃ ተጠየቀ፣ ትምህርቱ ምን ያህል የሥራ ጫና አለው፣ ሲጨርስስ ወደ የትኛው ደረጃ ለመግባት ያበቃዋል።

ይህን መመዘኛ ባነሷቸው ሦስት ዲግሪዎች ላይ ያሳርፉት። የኤድንብራው ማስተር ኦፍ አርትስ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ጠይቆ፣ አራት ዓመት አስተምሮ፣ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ያበቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በስኮትላንድ ጥንታውያን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም በሴንት አንድሩስ፣ በግላስጎው፣ በአበርዲንና በኤድንብራ፣ የኪነ ጥበባትና የማኅበራዊ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ በዚህ ስም መጠራቱ የቆየ ልማድ ነው። የኦክስፎርዱ ባችለር ኦፍ ፊሎሶፊ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ጠይቆ ሁለት ዓመት ያስተምራል፤ ስሙ ባችለር ቢሆንም የድኅረ ምረቃ ዲግሪ ነው። ጁሪስ ዶክተር ደግሞ ለሕግ ሙያ የሚያበቃ የመጀመሪያው ዲግሪ ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ መማር የሚፈልግ ሰው የሚገባው የሕግ ማስተርስ ወደሚባለው ነው። ማስተርሱ ከዶክተሩ በኋላ ይመጣል ማለት ነው።

የሕክምናውም እንደዚሁ ነው። በእንግሊዝና የእርሷን ሥርዓት በተከተሉ ብዙ አገሮች ሐኪም የሚመረቀው «የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ባችለር» በሚል ዲግሪ ነው፤ በአሜሪካ ለተመሳሳይ ሙያ የሚሰጠው «የሕክምና ዶክተር» ይባላል፤ ይኸው «የሕክምና ዶክተር» የሚለው ስያሜ ግን በእንግሊዝ በምርምር ለሚገኝ ከፍተኛ ዲግሪ ያገለግላል። ስለዚህ ሁለት ዲግሪዎችን በስማቸው ብቻ ማወዳደር ለስህተት ይዳርጋል።

ንጋት

የቀለም ቀንድ ባሉት ላይ ጥቂት ልጨምር። ይህ መደበላለቅ አውሮፓውያኑንም ስላስቸገራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የ29 አገሮች የትምህርት ሚኒስትሮች በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ተሰብስበው ዲግሪዎቻቸውን ለማቀራረብ ተስማምተዋል። ዛሬ ባችለር፣ ማስተርና ዶክትሬት በሚል በሦስት እርከን የተከፈለው አሠራር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በጀርመን አንድ ተማሪ ለአምስት ዓመት ያህል ተምሮ «ዲፕሎም» የሚባል ማስረጃ ይይዝ ነበር፤ ይህም በደረጃው ከዛሬው ማስተርስ ጋር የሚተካከል ነበር እንጂ፣ በሌላ አገር በሁለት ዓመት ከሚገኘው ዲፕሎማ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የጀርመኖቹን ዲፕሎም እንደ አጭር ሥልጠና ቆጥሮ ባለቤቱን ዝቅ አድርጎ መመደብ ትልቅ በደል ነው።

«ሊሳንስ» የሚለውም ስያሜ አታላይ ነው። በፈረንሳይ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ በስዊድንና በፊንላንድ በማስተርስና በዶክትሬት መካከል የሚገኝ የምርምር ዲግሪ ነው፤ በላቲን አሜሪካ አገሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመት የሚፈጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ፈረንሳዮች «ባካሎሪያ» የሚሉትም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና የሚገኝ ማስረጃ እንጂ የባችለር ዲግሪ አይደለም።

መቅረዝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። በአንዳንድ ማስታወቂያዎች ላይ «ደረጃ 6»፣ «ደረጃ 7» የሚል አያለሁ። ስሞቹ የማያስተማምኑ ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች መከተል አይሻልም?

የቀለም ቀንድ

ይሻላል፤ ነገር ግን ቁጥሩ የየትኛው ማዕቀፍ፣ ማለትም የትምህርት ማስረጃዎችን በደረጃ የሚደረድር ሥርዓት፣ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ የብቃት ማዕቀፍ ባችለር ደረጃ 6፣ ማስተር ደረጃ 7፣ ዶክትሬት ደረጃ 8 ነው። ዩኔስኮ የትምህርት ስታቲስቲክስን ለማነጻጸር በሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2011 በተሻሻለው ምደባም ቁጥሮቹ ተመሳሳይ ናቸው። የእንግሊዝም እንደዚሁ ነው። ወደ አየርላንድ ሲሄዱ ግን የክብር ባችለር («ኦነርስ» የሚባለው፣ ተምረው የሚያገኙት የመጀመሪያ ዲግሪ) ደረጃ 8፣ ማስተር 9፣ ዶክትሬት 10 ይሆናል፤ በስኮትላንድ ደግሞ የክብር ባችለር 10፣ ማስተር 11፣ ዶክትሬት 12 ነው። የወንድምዎ የኤድንብራ ማስተር ኦፍ አርትስ በስኮትላንድ ማዕቀፍ በደረጃ 10 ላይ መቀመጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመሆኑ ሁነኛ ማስረጃ ነው። «ደረጃ 8» የሚል ብቻውን የተጻፈ ቁጥር በአንድ አገር ዶክትሬት፣ በሌላው ባችለር ሊሆን ይችላልና የማዕቀፉን ስም ሳይዙ ቁጥሩን አይቀበሉ።

ሐረገወይን

የክሬዲቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ለዓመታት በሬጅስትራር ቢሮ ስለሠራሁ ነገሩ ዕለት ተዕለት እጄ ላይ ነበር።

ክሬዲት የሥራ ጫና መለኪያ ነው፤ ችግሩ እያንዳንዱ ሥርዓት በየራሱ መስፈሪያ መስፈሩ ነው። በአውሮፓ የጋራ ሥርዓት አንድ የሙሉ ጊዜ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲትም ክፍል መግባቱን፣ ንባቡንና ፈተናውን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚፈጅ የተማሪ ሥራ ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ባችለር 180፣ የአራት ዓመት 240 ይሆናል። በእንግሊዝ አንድ ክሬዲት 10 የሥራ ሰዓት ተብሎ ስለሚታሰብ ዓመቱ 120፣ የሦስት ዓመቱ የክብር ዲግሪ 360 ክሬዲት ይደርሳል። በአሜሪካ ደግሞ አንድ ክሬዲት አወር በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ከክፍል ውጭ፣ ለ15 ሳምንታት ያህል መሥራትን ይጠይቃል፤ ዓመቱ በአማካይ 30፣ የአራት ዓመቱ ባችለር 120 ነው። እርስዎ ያዩት 120፣ 180 እና 360 ሦስት የተለያዩ የመጀመሪያ ዲግሪዎች የሥራ ጫና ነው፤ ትልቁ ቁጥር ትልቅ ዲግሪን አያመለክትም።

አሁን አንድ ትራንስክሪፕት እንግለጥ። አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ሦስት ትምህርት ወሰደ እንበል፦ ባለ 4 ክሬዲቱን ኤ፣ ባለ 3 ክሬዲቱን ቢ፣ ባለ 2 ክሬዲቱን ሲ አመጣ። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ስለሆነ እያንዳንዱን በክሬዲቱ ስናባዛው 16፣ 9 እና 4፣ በድምሩ 29 ይሆናል። ይህን ለ9 ክሬዲት ስናካፍለው የሴሚስተሩ አማካይ ነጥብ 3.22 ነው። ሦስቱን ውጤቶች እንዲሁ ደምሮ ለሦስት ያካፈለ ሰው 3.00 ያገኛል፤ ልዩነቱን ያመጣው ኤው በከባዱ ትምህርት ላይ መገኘቱ ነው። ከሁሉም ሴሚስተር የተጠራቀመው ደግሞ አጠቃላይ አማካይ ነጥብ ይባላል፤ አመልካቾች ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ሴሚስተር ነጥብ በአጠቃላዩ ቦታ ይጽፋሉ፣ ይህ ደግሞ ማመልከቻውን ከማስረጃው ጋር ያጋጨዋል።

ይህ 3.22 ወደ ጀርመን ሲሄድ ቁጥሩ ይገለበጣል። እዚያ 1.0 ከፍተኛው፣ 4.0 ለማለፍ የሚበቃው ዝቅተኛ ውጤት ነው። የሚጠቀሙበት የተለመደ ቀመር ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የእርስዎን ይቀንስና፣ ቀሪውን በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ መካከል ላለው ልዩነት አካፍሎ፣ በ3 አባዝቶ 1 ይጨምርበታል። ማለፊያው 2.0 በሆነ ሥርዓት 3.22 በዚህ ስሌት 2.17 ይሆናል። ማለፊያው 1.0 ከሆነ ግን ያው 3.22 ወደ 1.78 ይለወጣል። ስለዚህ ትራንስክሪፕት በሚያስልኩበት ጊዜ በጀርባው ወይም በግርጌው ያለው የውጤት አሰጣጥ ማብራሪያ አብሮ መሄዱን ያረጋግጡ፤ ያ ማብራሪያ ከሌለ ገምጋሚው በግምት ይሠራል።

ጎህ

በዚህ አጋጣሚ «በማዕረግ መመረቅ» የሚባለውንም ብታብራሩት ደስ ይለኛል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ የተማረች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አማካይ ውጤቷ 68 ከመቶ መሆኑን ያየ ቀጣሪ መካከለኛ ተማሪ ናት ብሎ አልፏታል።

ሐረገወይን

እጅግ ያሳዝናል፤ ቀጣሪው ወረቀቱን በራሱ አገር መነጽር ስላነበበ ነው። በእንግሊዝ የክብር ዲግሪ 70 እና ከዚያ በላይ አንደኛ ማዕረግ፣ ከ60 እስከ 69 ከፍተኛ ሁለተኛ፣ ከ50 እስከ 59 ዝቅተኛ ሁለተኛ፣ ከ40 እስከ 49 ሦስተኛ ማዕረግ ነው። መምህራኑ ከ80 በላይ የሚሰጡት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የባልደረባዎ 68 ከፍተኛ ሁለተኛ ማዕረግ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ የማስተርስ ፕሮግራሞች በር የሚከፍት ውጤት ነው።

በአሜሪካ በላቲን ስም የሚጠሩት «ኩም ላውዴ»፣ «ማግና ኩም ላውዴ» እና «ሱማ ኩም ላውዴ» ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው የሚሄዱ ማዕረጎች ናቸው፤ መቁረጫ ነጥባቸውን እያንዳንዱ ተቋም ይወስናል። በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ግን «የክብር ዲግሪ» ማለት ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓመቱ ባችለር በኋላ የሚማሩት፣ ምርምር ያለበት፣ ራሱን የቻለ ተጨማሪ ዓመት ነው።

ብራና

እኔ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ ስለ ምርምር ዲግሪዎች ልናገር፤ እዚህ ላይ የስያሜው ግርግር ከሁሉም ይብሳል።

«ፒኤችዲ» የሚለው በፍልስፍና ትምህርት ክፍል ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ በኬሚስትሪም በታሪክም የሚያዝ የምርምር ዶክትሬት ነው። ዛሬ የምናውቀው መልኩ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎለበተው፣ መምህርነትን ከምርምር ጋር ካዋሐደው አሠራር የመጣ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1861 የዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ኦክስፎርድ «ዲፊል» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1917 አቋቁሞታል፤ ዲፊልና ፒኤችዲ በደረጃ አንድ ናቸው።

በብዙ የአውሮፓ አገሮች ወደ ዶክትሬት የሚገባው ማስተርስ የያዘ ሰው ሲሆን፣ ወዲያውኑ ከአማካሪው ጋር ምርምሩን ይጀምርና በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይጨርሳል። በአሜሪካ ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት የተለመደ ነው፤ ተማሪው መጀመሪያ የክፍል ትምህርት ይወስዳል፣ ከዚያ ጠቅላላ የብቃት ፈተና ያልፋል፣ ከዚህ በኋላ ነው «የዶክትሬት ዕጩ» የሚባለው። ስለዚህ «ተማሪ» እና «ዕጩ» በዚያ ሥርዓት የተለያየ ቦታ ናቸው፤ ፈተናውን ያላለፈ ሰው በሲቪው ላይ ዕጩ ነኝ ብሎ መጻፍ የለበትም። ለእርስዎ ይህ የሚጠቅምዎ ነገር አለው፦ ማስተርስ ስለሌለኝ ዶክትሬት አልደርስበትም ብለው የአሜሪካ ፕሮግራሞችን አይለፉ።

የመመረቂያ ጽሑፉም ስም ከባሕር ማዶ ወዲህና ወዲያ ተገላብጧል። በአሜሪካ ለማስተርስ የሚጻፈው ቴሲስ፣ ለዶክትሬት የሚጻፈው ዲዘርቴሽን ይባላል፤ በእንግሊዝ በአብዛኛው የዶክትሬቱ ቴሲስ፣ የማስተርሱ ዲዘርቴሽን ነው። የጽሑፉ መከላከያ ሥነ ሥርዓትም ይለያያል፤ በእንግሊዝ በዝግ ክፍል፣ በአንድ የውስጥና በአንድ የውጭ ፈታኝ ፊት ይከናወናል፤ በስዊድን በይፋ፣ በሕዝብ ፊት ሆኖ፣ ተቃዋሚ ተብሎ የተሰየመ ምሁር ጽሑፉን ነጥብ በነጥብ ይሞግታል። እኔ በግልጽ አደባባይ የሚደረገውን እመርጣለሁ፤ ዕውቀቱ የሁሉም ነውና ሙግቱም ሁሉ ሰው ቢሰማው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጎህ

ስለ ዶክትሬት ከተነሣ አይቀር፣ «የትምህርት ዶክተር» ወይም «የቢዝነስ አስተዳደር ዶክተር» የሚባሉት እውነተኛ ዶክትሬት ናቸው ለማለት ይከብደኛል። ከፒኤችዲ ጋር እኩል ማስቀመጥ ለተመራማሪው ድካም ዋጋ አለመስጠት አይሆንም?

ብራና

በዚህ አልስማማም። እነዚህ የሙያ ዶክትሬቶች በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍና መከላከያ አላቸው፤ ልዩነታቸው የምርምሩ ጥያቄ ከሚታወቀው የሥራ መስክ መነሣቱና ተማሪው ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ መሆኑ ነው። ዶክተር የሚል ስም ይዘው ምርምር የማይጠይቁትን፣ ለምሳሌ ጁሪስ ዶክተርን፣ ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ አይገባም። ያም ቢሆን ለሙያው የሚያበቃ ከባድ ትምህርት ነው፤ የተለየ ዓላማ አለው እንጂ አነስተኛ አይደለም።

የቀለም ቀንድ

ከብራና ጋር እስማማለሁ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ለመምህርነት የሚወዳደር ሰው ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ዶክትሬት እንደሚቀበል አስቀድሞ ይጠይቅ። የክብር ዶክትሬት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ላበረከቱት አስተዋጽኦ ለታላላቅ ሰዎች የሚሰጥ ሽልማት እንጂ ተምረው የሚያገኙት ብቃት አይደለም፤ በእርሱ ለመማርም ለመቀጠርም ማመልከት አይቻልም። የድኅረ ዶክትሬት ምርምርም ዲግሪ አይደለም፤ ዶክትሬቱን የያዘ ሰው ለተወሰነ ጊዜ የሚቀጠርበት የምርምር ሥራ ነው።

የመምህራን ማዕረግም ከዲግሪ ጋር ይምታታል። በአሜሪካ ረዳት፣ ተባባሪና ሙሉ ፕሮፌሰር የሚሉት የሥራ ደረጃዎች ናቸው፤ በእንግሊዝ በልማድ ሌክቸረር፣ ሲኒየር ሌክቸረር፣ ሪደርና ፕሮፌሰር ተብለው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ የእንግሊዙ ሌክቸረር ከዝቅተኛ መምህር ጋር ሊመደብ አይገባም። ወደ እነርሱ ደብዳቤ ስትጽፉ ይህን ብታስታውሱ መልካም ነው።

መቅረዝ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ የኤድንብራውን ማስተር ኦፍ አርትስ በመጀመሪያ ዲግሪነቱ አውቆ ያመለክታል፤ እኔም የአሜሪካን ፕሮግራሞች በዝርዝሬ ውስጥ አስገብቻለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ዲግሪውን ይዘን ወደ ሌላ አገር ብንሄድ፣ ማስተር የሚለውን ስም ያየ ሰው ወንድሜን ሁለተኛ ዲግሪ አለው ብሎ ቢመዘግበው፣ ወይም በተቃራኒው ማስረጃውን አልቀበልም ቢለው ምን ማድረግ ይቻላል?

የቀለም ቀንድ

ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ሲመረቅ ከዲግሪው ጋር የዲፕሎማ ማብራሪያ ሰነድ የሚባለውን ይጠይቅ። በአውሮፓ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተመራቂ የሚሰጡት ሲሆን፣ ስምንት ክፍሎች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛው የዲግሪውን ደረጃ፣ የትምህርቱን ርዝመትና የመግቢያ መስፈርቱን ያስቀምጣል፤ አምስተኛው ዲግሪው ወደ የትኛው ቀጣይ ትምህርት እንደሚያበቃ ይናገራል፤ ስምንተኛው የአገሩን የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓት ይገልጻል። ገምጋሚ ይህን ሲያገኝ በስሙ አይሳሳትም። ወንድምዎም በሲቪው ላይ የዲግሪውን ስም ከነደረጃው፣ «ማስተር ኦፍ አርትስ፣ የአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ» ብሎ ይጻፈው፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ሐቀኝነት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ከመመዝገቡ በፊት ዲግሪ ሰጪው ተቋም በአገሩ ሕጋዊ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከዚያው አገር የትምህርት ባለሥልጣን ዝርዝር ላይ ያረጋግጥ። ኤድንብራን በመሰለ ተቋም ይህ አያሳስብም፤ እርስዎ ግን የማያውቋቸውን ተቋማት ስለሚያዩ ልብ ይበሉ። ዲግሪ የሚሸጡ ድርጅቶች የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመስል ስም ይዘው፣ ራሳቸው ባቋቋሙት ዕውቅና ሰጪ የተመሰከረላቸው መስለው ይቀርባሉ። ስለዚህ ዕውቅና አለን ሲሉዎት ዕውቅናውን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ያንንም ሰጪ መንግሥት ያውቀው እንደሆነ ይጠይቁ። ማስረጃውን አልቀበልም የሚል አካል ቢገጥመው ደግሞ፣ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎችን ዕውቅና የሚመለከተውን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመውን የሊዝበን ስምምነት ባጸደቁ አገሮች ውስጥ በማስረጃው እና በአገሩ ተመሳሳይ ማስረጃ መካከል መሠረታዊ ልዩነት መኖሩን የማስረዳት ኃላፊነት የገምጋሚው አካል ነው፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቆ ይግባኝ ማለትም ይችላል።